በኋላ ማርሽ የሚቃጠለው ፊውዝ

ሥራ የጀመርኩበት ጠዋት ዝናብ ይዘንብ ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቄ የምደባ ወረቀቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ቦሌ መጣሁ። ወረቀቱ ላይ «ረዳት የአውቶ ኤሌክትሪክ ቴክኒሻን» ይላል። በሩ ላይ የነበሩት ዘበኛ ገልበጥ አድርገው አዩትና «የጸሐፊዎቹ ክፍል በዚያ በኩል ነው፣ ልጄ» ብለው ወደ ቢሮው አመለከቱኝ። የምፈልገው ጋራዡን እንደሆነ ስነግራቸው አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ጫማዬን አዩና ጃንጥላቸውን ዘርግተው ራሳቸው አደረሱኝ።

ጋራዡ የአንድ የመንግሥት ድርጅት ነበር። ከኤርፖርቱ መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። ዘመኑ ደርግ ነው፤ መኪኖቹ ግን አብዛኞቹ ከአብዮቱ በፊት የተገዙ አሮጌዎች ነበሩ። ከግቢው ጀርባ መሬቱ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ እስከ ገርጂ ድረስ እርሻ ነው። ዛሬ ኢምፔሪያል ብላችሁ ከታክሲ የምትወርዱበት አካባቢ ያኔ በሬ ይጠመድበት ነበር ብል የሚያምነኝ ወጣት አላገኘሁም።

የኤሌክትሪክ ክፍሉ ዋና ቴክኒሻን ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ሙያውን በወጣትነታቸው ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ የተማሩ፣ አጭር፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው። ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ «ሰዓትሽን አውልቂ» አሉኝ።

«ለምን?»

እጅጌያቸውን ሰበሰቡና የግራ አንጓቸውን አሳዩኝ። ዙሪያውን የእጅ አምባር የመሰለ ጠባሳ አለበት። የብረት ሰዓታቸው የባትሪውን ፖዘቲቭና የመኪናውን ብረት አንድ ላይ ነክቶ ነው። «ከዚያ ወዲህ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሰው እጠይቃለሁ» አሉ። ሰዓቴን አውልቄ ኪሴ ከተትኩ። አንድ ሰፊ ቱታ ሰጡኝ፤ እጅጌውንም እግሩንም አጥፌ ለበስኩት። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና ሞተሪኖ ፈታሁ። ሞተሪኖ ማለት ሞተሩን የሚያስነሳው ክፍል ነው። ገጥሜው ሲሠራ ጋሽ ወርቁ ሌላ ሞተሪኖ አመጡልኝ። መመስገኔ እንደሆነ በኋላ ገባኝ።

እንዲህ እያልኩ ረዳት የሚለው ቃል ከስሜ ፊት ወደቀና ቴክኒሻን ሆንኩ። የምነግራችሁ ነገር የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ድርጅቱ እንግዳ የሚያመላልስበት ጃፓን ሠራሽ የሆነ አሮጌ ነጭ መኪና ነበረው። ሾፌሩ ጋሽ ገብረመድህን ይባላሉ፤ የአዲግራት ሰው ናቸው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ወንበር ላይ አቧራ ካዩ በመሐረባቸው የሚጠርጉ። መኪናው ጋራዥ ሲገባ ቁልፉን ሰጥተው አይሄዱም፤ ከጎናችን ቆመው የፈታነውን ብሎን በጨርቅ ላይ በተራ ይደረድሩልናል። የሚወደዱ ሰው ነበሩ።

ይህ መኪና ዋናውን ፊውዝ ማቃጠል ጀመረ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ የምትገኝ አጭር ሽቦ ናት። ከሞተሪኖው በቀር የመኪናው ኤሌክትሪክ በሙሉ በእሷ በኩል ያልፋል። የሆነ ቦታ ላይ የተላጠ ሽቦ የመኪናውን ብረት ሲነካ፣ እኛ ኮንታክት የምንለው ነገር ሲፈጠር፣ እሷ ቀድማ ቀልጣ ትበጠሳለች። ባትበጠስ ሽቦው ሁሉ ይነድዳል። ስትበጠስ ግን ሞተሩ ይጠፋል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ክላክሱም አይጮህም። መኪናው ባለበት ቆሞ ይቀራል።

መጀመሪያ የቆመው ከክፍለ ሀገር የመጡ እንግዶችን እንደያዘ ነው። ተጎትቶ መጣ፤ አየነው፤ የተላጠ ሽቦ አላገኘንም፤ ፊውዙን ቀይረን ለቀቅነው። ሌሎች ሾፌሮች ናዝሬት ድረስ ነድተውት በሰላም ተመለሱ። ሁለተኛ ጊዜ ሥራ አስኪያጁንና አንድ እንግዳ ይዞ ቆመ፤ ሥራ አስኪያጁ ወደ ስብሰባ በእግራቸው ሄዱ። ሦስተኛው ጊዜ የባሰ ነበር። የተሳፈሩት ከበላይ አካል የመጡ እንግዶች ነበሩ። ሦስቱንም ጊዜ መሪውን የያዙት ጋሽ ገብረመድህን ናቸው።

በማግስቱ ጋሽ ገብረመድህን ሥራ አልገቡም። ሌሊት ከቤታቸው ወስደው የቀበሌ እስር ቤት እንዳስገቧቸው የሰማነው ከዘበኛው ነው።

የድርጅቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ መርሻ ይባል ነበር። ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የቸኮለ። ረፋዱ ላይ ወደ ጋራዡ መጣና መኪናው አጠገብ ቆመ።

«ይህ አሻጥር ነው» አለ። «ሌላ ሰው ሲነዳው አይቃጠልም። እሱ ሲነዳው ይቃጠላል፤ ያውም እንግዳ ሲኖር። እናንተ ባለሙያዎች ናችሁ፣ ሌላ ምክንያት ካለ ንገሩኝ።»

ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምክንያቱን ገና አላገኘነውም፣ ጓድ።»

«ሁለት ጊዜ ጠግናችሁታል።»

«ፊውዙን ቀየርን እንጂ አልጠገንነውም።»

«ታዲያ በፊውዙ ቦታ ወፍራም ሽቦ አድርጉበትና ይለይለት!»

«ፊውዙ አልቃጠል ካለ መኪናው ይቃጠላል» አሉ ጋሽ ወርቁ ረጋ ብለው። «እርስዎ ውስጡ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል።»

ጓድ መርሻ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ሰውየው የአዲግራት ሰው ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። በዚያ ጊዜ ያ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሊወጣ ሲል ዞር አለና «ሰኞ ጉዳዩ ወደ በላይ ይተላለፋል። ከዚያ በኋላ በእኔ እጅ አይደለም» አለ።

ከቀበሌ እስር ቤት ሰው ሲመለስ አይተናል። ከዚያ በላይ ካለው ግን የተመለሰ አላውቅም። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልነካንም። ጋሽ ወርቁ ትናንሾቹን ፊውዞች አንድ በአንድ አውጥተው በብርሃን አዩአቸው። ሁሉም ደህና ናቸው። «እንግዲህ የመብራቱም የክላክሱም መስመር ነጻ ነው» አሉ። «እዚያ ቢሆን ኖሮ ትንሹ ፊውዝ ይቀድም ነበር። ጥፋቱ ያለው ወፍራሙ ሽቦ ላይ ነው፤ ከባትሪ እስከ ፊውዝ ሳጥኑ፣ ወይም ወደ ዲናሞው በሚሄደው።»

ከዚያ በተቃጠለው ዋና ፊውዝ ቦታ አንድ የፊት መብራት አምፖል አገናኘን። ይህ የቆየ ዘዴ ነው። ሽቦው የትም ብረት ካልነካ አምፖሉ ጨለማ ነው፤ ኮንታክት ካለ ግን ቦግ ብሎ ይበራል፤ የሚቃጠል ነገርም የለም። እኔ አምፖሉን ሳይ እሳቸው ሽቦውን ከጫፍ ጫፍ ነቀነቁት። ዳሽቦርዱን ፈታን። መሪውን እስከ ጥጉ ግራና ቀኝ አዞርነው። ፔዳሎቹን ረገጥን፣ በሮቹን በኃይል ዘጋን። መኪናውን ከአራት ሰው ጋር ሆነን እንደ አልጋ አወዛወዝነው። አምፖሉ አልበራም።

ዓርብ ጠዋትም አልበራም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ የጋሽ ገብረመድህን ባለቤት እትዬ ለተብርሃን መጡ። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው አውርደዋል፤ በእጃቸው የምሳ ሳህን በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። ባለቤታቸው ሹራባቸውን የልብስ ሳጥናቸው ውስጥ ትተው ስለነበር ሊወስዱላቸው ነው የመጡት። «የሚተኛው ሲሚንቶ ላይ ነው» አሉኝ። ሹራቡን አምጥቼ ስሰጣቸው እንደ ሕፃን አቀፉት።

በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መኪናውን ለሁለት ቀን ስንመረምር፣ መኪናው ሲጠፋ እዚያ የነበረውን ሰው የጠየቀ የለም።

«እትዬ፣ ሲያዩዋቸው ያናግሯቸዋል?»

«ሳህኑን ሳቀብል ሁለት ቃል ቢፈቅዱልኝ ነው።»

«እንግዲያው ይህን ይጠይቁልኝ። መኪናው ሲጠፋ ምን እያደረጉ ነበር? ሦስቱንም ጊዜ።»

እትዬ ለተብርሃን ተጠራጥረው አዩኝ። ጥያቄው የምርመራ ጥያቄ ይመስላል፤ አልፈርድባቸውም። «ለማን ነው?» አሉ።

«ለእኔና ለጋሽ ወርቁ ብቻ ነው። ለማንም አይደለም።»

ሳህኑንና ሹራቡን ይዘው ሄዱ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሳለን ዘበኛው ጠሩኝ። እትዬ ለተብርሃን በሩ ላይ ቆመው ያለከልካሉ፤ ከቀበሌው እስከ ጋራዡ በእግራቸው ፈጥነው መጥተዋል።

«ወደ ኋላ ስሄድ ነው ብሏል» አሉ። «ከታች ከግቢው ወደ ኋላ ዳገቱን ስወጣ። ሦስቱንም ጊዜ። ሌላ ቃል ሳይጨምር የቀበሌው ዘበኛ ሂጂ አለኝ። ይኼ ምን ይጠቅማል፣ ጓለይ?» ጓለይ ማለት በእነሱ አገር ልጄ ማለት ነው።

«ገና አላወቅኩም እትዬ» አልኳቸው። እየሮጥኩ ወደ ጋሽ ወርቁ ሄድኩ።

ጋሽ ወርቁ ሲሰሙ «የእንግዳ ማረፊያው ዳገት!» አሉ። የድርጅቱ የእንግዳ ማረፊያ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ሌሎቹ ሾፌሮች አስፋልቱ ላይ ቆመው እንግዳው በእግሩ ወጥቶ እንዲመጣ ይጠብቃሉ። ጋሽ ገብረመድህን ግን እንግዳ በዳገት አይደክምም ብለው እስከ ደረጃው ድረስ ይወርዳሉ። ግቢው መዞሪያ የለውም፤ ስለዚህ እንግዳውን እንደጫኑ በኋላ ማርሽ ዳገቱን ይወጣሉ። እንግዳ ሲኖር ብቻ፣ እሳቸው ሲነዱ ብቻ የሚቃጠለው ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ሆነ። አክባሪነታቸው ነው ያሳሰራቸው።

«ሞተሩ» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ሞተሩ ይነሳል!»

መኪና ወደ ፊት በኃይል ሲሄድ ሞተሩ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ በተቃራኒው ጎን ይነሳል። የተቀመጠበት፣ እንደ ትራስ ያለ የጎማ ቁራጭ ደህና ከሆነ አይታወቅም። እኔ መኪናው ሥር ገባሁ። በቀኝ በኩል ያለው የጎማ ቁራጭ በዘይት ብዛት ተበልቶ ለሁለት ተከፍሏል። ሞተሩ ስለሚጫነው ግን ከላይ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል።

ክሪክ አመጣን። ከሞተሩ ሥር ጣውላ አደረግንና ቀስ ብለን በቀኝ በኩል አነሳነው። ጋሽ ወርቁ ክሪኩን ያዞራሉ፣ እኔ አምፖሉን አያለሁ። አንድ ጣት ያህል ተነሳ። ሁለት ጣት ያህል ሲሆን አምፖሉ ቦግ አለ።

«ያውርዱት!» አልኩ።

ጠፋ።

«ያንሱት!»

በራ።

ጋሽ ወርቁ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔ እየሳቅኩ እንደሆነ ያወቅኩት ድምፄን ስሰማ ነው። ባትሪውን በሚሞላው ዲናሞ ጀርባ፣ በሞተሩና በመኪናው አካል መሐል የሚያልፈው ወፍራም ሽቦ ከታች በኩል ተልጧል። ሞተሩ ሲነሳ የዲናሞው ማሰሪያ ብረት የተላጠውን ቦታ ይነካዋል። ሞተሩ ተመልሶ ሲቀመጥ ይለቀዋል። ግራሶ ስለሸፈነው በዓይን አይታይም ነበር። እጃችን ግን አሁን የት እንደሚነካ ያውቃል።

ጓድ መርሻን ጠራነው። ክሪኩን አዙረን አሳየነው፤ አምፖሉ በራ፣ ጠፋ። እጁን አጣጥፎ አየ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ይህን ያደረጋችሁት በክሪክ ነው። መንገድ ላይ ክሪክ የለም። እኔ ይህን ይዤ ለቀበሌው ሰዎች ምን ብዬ ላስረዳ? መኪናው መንገድ ላይ ሲጠፋ ካላየሁ አልችልም።»

ያን ጊዜ ተናድጄበት ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሰውየው ልክ ነበር። የሚሄድበት ቦታ «ሞተሩ ይነሳል» የሚል ወሬ የሚቀበሉ ሰዎች ያሉበት አልነበረም።

ችግሩ ሌላ ነው። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ለዚያ መኪና የሚሆን ዋና ፊውዝ የቀረን አንድ ብቻ ነበር። መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣው በስንት ደጅ ጥናት ነው። ጋሽ ወርቁ ፊውዙን በእጃቸው ይዘው አሰቡ። «ሰውየው ይውጣ እንጂ» አሉና ገጠሙት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት ጠመንጃ አንግተው ጋሽ ገብረመድህንን አመጧቸው። ፂማቸው አድጓል፣ ከስተዋል። ሹራቡን ለብሰዋል። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ያዩት የሾፌሩን ወንበር ነው፤ መሐረብ ግን አልነበራቸውም፣ በመዳፋቸው ጠረጉት። ከጋራዡ ጀርባ ወደ ወንዙ ወደሚወርደው ኮረኮንች መንገድ ሄድን። ጓድ መርሻ ከፊት ተቀመጠ፤ ጥበቃዎቹ ከኋላ። ጋሽ ወርቁና እኔ ከላይ ቆመን ጠበቅን።

መጀመሪያ ወርደው አዙረው ወደ ፊት ወጡ። ምንም አልሆነም። ጓድ መርሻ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አየን። እንደገና ወረዱ። ታች ቆሙ። ከዚያ የኋላ ማርሽ ሲገባ ድምፁን ሰማሁት፤ መኪናው ጀርባውን ወደ እኛ ሰጥቶ ዳገቱን መውጣት ጀመረ።

መኪና እንዲበላሽ ስጸልይ ያ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው። ሩቡን ወጣ። ሞተሩ ያጓራል። ግማሽ ደረሰ። «እስቲ፣ እስቲ» ይላሉ ጋሽ ወርቁ ከጎኔ በሹክሹክታ። ግማሹን አለፈ። ጠጠሩ ላይ ጎማው ተንሸራተተና ጋሽ ገብረመድህን ነዳጅ ጨመሩ።

ጠፋ።

ከሞተሩ ሽፋን ሥር ቀጭን ጭስ ወጣ። ጸጥ አለ፤ የወንዙ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጋሽ ወርቁ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በማን ፊት እንደጮኹ ትዝ አላቸውና እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

ጓድ መርሻ ከመኪናው ወረደ። ክላክሱን ሞከረ፤ አይጮህም። ኮፈኑን አስከፈተን። ጣቴን ተከትሎ እጁን ከዲናሞው ጀርባ አስገባና የተላጠውን ሽቦ ነካው። ጣቱ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ለረጅም ጊዜ አየው።

«ሌላ ፊውዝ አምጡና ድገሙት» አለ አንዱ ጥበቃ።

«የለም» አልኩ። «የመጨረሻው ነው።»

«የመጨረሻውን ነው ያቃጠላችሁት?» አለ ጓድ መርሻ።

«እርስዎ እንዲያዩት» አሉ ጋሽ ወርቁ።

ጓድ መርሻ ወደ ጥበቃዎቹ ዞረ። «ሰውየው እዚህ ይቀራል። ለቀበሌው ሊቀመንበር እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። መኪናው አሮጌ ነው፤ አሻጥር የለም።»

ጋሽ ገብረመድህን መሪውን እንደያዙ ተቀምጠዋል። የሰሙ አይመስሉም። ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ አልቋል፤ ቤትዎ ይሄዳሉ» አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። በሹራባቸው እጅጌ ጠረጉትና «ታዲያ መኪናውን ማን ይገፋል?» አሉ።

ሁላችንም ገፋነው። እኔና ጋሽ ወርቁ በአንድ በኩል፣ ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን ወደ ጀርባቸው አዙረው በሌላው፣ ጓድ መርሻ ደግሞ ኮቱን አውልቆ በመሐል። ጋሽ ገብረመድህን መሪውን ይዘው «በርቱ! ትንሽ ቀረ!» እያሉ ያዙናል። አንደኛው ጥበቃ በሳቅ እግሩ ከዳው። ዳገቱ አናት ስንደርስ ሁላችንም መሬት ላይ ተቀመጥን፤ ማን ባለሥልጣን፣ ማን እስረኛ እንደነበር ለጥቂት ጊዜ አይለይም ነበር።

ጓድ መርሻ ኮቱን እያራገፈ አጠገቤ ቆመና ሌላ ሰው እንዳይሰማው አድርጎ «እኔም ሰኞን ፈርቼው ነበር» አለኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም።

እትዬ ለተብርሃን የዚያን ዕለት ምሳውን ይዘው ቀበሌ ሄደው ባለቤታቸውን አጥተው ነበር። ደንግጠው ወደ ጋራዡ መጡ። ጋሽ ገብረመድህንን በሩ ላይ ቆመው አገኟቸው። ሳህኑ ከእጃቸው ሊወድቅ ሲል ዘበኛው ያዙት። ምሳውን ለሁላችንም አካፈሉን፤ ለአንድ ሰው የተሠራ ስለነበር የደረሰን አንዳንድ ጉርሻ ነው። ከበላሁት ሁሉ እሱን ነው የማስታውሰው።

የጥገናው ሥራ ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር። ጋሽ ወርቁ ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ቆርጠው ሞተሩ የሚቀመጥበትን ሠሩ። እኔ ሽቦውን አዲስ አድርጌ በጎማ ቱቦ ውስጥ አሳለፍኩትና ከሞተሩ ርቆ እንዲታሰር አደረግኩ። ፊውዝ እስኪገኝ መኪናው ለብዙ ጊዜ ቆመ፤ ማንም ቶሎ በሉ አላለንም። ከተገኘ በኋላ ጋሽ ገብረመድህን ጡረታ እስኪወጡ ነዱት፤ እንግዳ ሲኖርም እንደ ድሮው እስከ ደረጃው ይወርዱ ነበር።

እኔም በተራዬ ዋና ቴክኒሻን ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። አሁን የምኖረው ቦሌ አራብሳ ነው። አንዳንዴ ገርጂ የሚሠሩ ልጆች ይደውሉልኛል፤ መመርመሪያ ኮምፒዩተር አላቸው፣ ጎበዞች ናቸው። አሮጌ መኪና ፊውዝ ሲያቃጥልባቸውና ምክንያቱ ሲጠፋባቸው የምላቸው ይህን ብቻ ነው።

ፊውዙን ከመቀየራችሁ በፊት፣ መኪናው ሲጠፋ ሾፌሩ ምን እያደረገ እንደነበረ ጠይቁት። ሾፌሩ ከሌለ ያለበትን ፈልጋችሁ ጠይቁት።